ሥዕሉ ያስጀምራል፤ እጅ ይፈጽማል

ለቤተ ሰብ፦ የሕፃናትን የጥርስ ንጽሕና በቪዲዮ ስለ ማስተማር

ልጅን በመልካም ልማድ ማሳደግ የወላጆች የመጀመሪያ ግዴታ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ከልማዶች መካከል አንዳንዶቹ ትልቅ መስለው ስለሚታዩ ብዙ ሲነገርላቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ ትንሽ ስለሚመስሉ ሳይታሰቡ ያልፋሉ። ጥርስን ጧትና ማታ ማጽዳት ትንሽ ከሚመስሉት ወገን ነው። ሕፃኑ ፊቱን ሳይታጠብ ከቤት ቢወጣ እናቱ ታፍራለች፤ ጥርሱን ሳያጸዳ ቢተኛ ግን የሚያየው ስለሌለ ማንም አይገሥጸውም። ጉዳቱም በስውር ስለሚሠራ፣ ሕመሙ ከሌሊቱ እኩሌታ ላይ ቤተ ሰቡን ሁሉ እስኪቀሰቅስ ድረስ አይታወቅም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ነገር እጅግ የተስማማ ነው።

በዛሬው ጊዜ ለዚህ ትምህርት አንድ አዲስ ረዳት ተገኝቷል። እርሱም ለሕፃናት ተብሎ የሚዘጋጀው የቪዲዮ ትምህርት ነው። ቴሌቪዥን ባለበት ቤት በቴሌቪዥን፣ በሌለበትም በአባት ወይም በእናት የእጅ ስልክ ይታያል፤ በብዙ መዋዕለ ሕፃናትም አስተማሪዎች ልጆችን ሰብስበው ያሳያሉ። እንግዲህ ይህ ረዳት ሥራውን እስከ ምን ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል፣ ከየትም ላይ ደግሞ ለሰው እጅ ማስረከብ እንደሚገባው ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ሳምንት ጽሑፋችን የሚናገረው ስለዚሁ ነው።

አስቀድሞ ስለ ጥርሱ ጥቂት እንበል። ሕፃን ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው የመጀመሪያው የወተት ጥርሱ ብቅ ይላል፤ ሦስት ዓመት ሲቃረበውም 20ዎቹ የወተት ጥርሶች በሙሉ ይወጣሉ። ብዙ ወላጆች እነዚህ ጥርሶች ለጊዜው የተሰጡና የሚወድቁ ናቸው በማለት ብዙ አያስቡላቸውም። ይህ አሳብ ግን ትክክል አይደለም። የወተት ጥርስ ሕፃኑ ምግቡን የሚያኝክበት፣ ቃላትን አጥርቶ የሚናገርበት፣ ከሥር ለሚመጣውም ቋሚ ጥርስ ቦታ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ያለ ጊዜው ቦታውን ከለቀቀ የጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍቱ ስፍራ ያዘነብላሉ፤ ተከታዩም ጥርስ መውጫ አጥቶ ተጣሞ ይበቅላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን የሚሆኑ ሕፃናት የወተት ጥርሳቸው በመቦርቦር በሽታ የተጎዳ መሆኑን ገልጿል። ይህን ያህል ሕዝብ የሚነካ በሽታ ትንሽ ነገር ሊባል አይችልም።

የጥርስ መቦርቦር የሚመጣውም በትል ምክንያት አይደለም። በአፍ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ሕያዋን አሉ፤ እነዚህ ስኳር ባገኙ ጊዜ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ጥቂት በጥቂት እያሟሟ ይሸረሽረዋል። ምራቅ የተጎዳውን ሽፋን መልሶ ለመጠገን ይረዳል፤ ሆኖም ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ ስኳር የበዛበት ሻይ የሚጠጣ፣ ከረሜላም ከአፉ የማይለይ ከሆነ ምራቁ ለጥገናው ጊዜ አያገኝም። በእንቅልፍ ሰዓት ደግሞ የምራቅ መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ስኳር የገባበት ወተት በጡጦ ይዞ የሚተኛ ሕፃን ጥርሱ ሌሊቱን ሁሉ ያለ ጠባቂ ያድራል። ማታ ከመተኛት በፊት የሚደረገው ጽዳት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህም በላይ ወላጆች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ፣ ከላይም ከታችም በግራም በቀኝም አራት አዳዲስ መንጋጋዎች ይወጣሉ። እነዚህ መንጋጋዎች የሚወጡት የወደቀ ጥርስ ሳይተኩ ስለ ሆነ ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስሏቸዋል፤ «ይህም ነገ ይወድቃል» ብለውም ይተዉአቸዋል። እነርሱ ግን የሚወድቁ አይደሉም፤ ሰው እስከ እርጅናው የሚያኝክባቸው ቋሚ ጥርሶች ናቸው። ላያቸው ጎድጓዳና ስንጥቅጥቅ ስለ ሆነ የምግብ ትራፊ በቀላሉ ያድርባቸዋል። እንግዲህ ልጁ ጥርስ የማጽዳት ልማድን መያዝ የሚገባው እነዚህ መንጋጋዎች ከመምጣታቸው በፊት፣ ማለት ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ፣ በመዋዕለ ሕፃናት ሳለ መሆኑ ግልጽ ነው። በአገራችን የጥርስ ሐኪሞች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘኑ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙትም በከተማ ይገኛሉ። ስለዚህ በቤት ውስጥ ያልተጠበቀ ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ዕድል መነቀል ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ቪዲዮው ትምህርት እንመለስ። ሕፃናትን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ «ሰሳሚ ስትሪት» የተባለው የአሻንጉሊቶች ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች በቴሌቪዥን ቁም ነገር ሊማሩ እንደሚችሉ ብዙዎች አመኑ። በአገራችንም ቀድሞ አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረቦቿ ጋር ያዘጋጀችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታይቷል፤ ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔም በአማርኛ እየተናገረች ፊደልንም የጤና አጠባበቅንም ለሕፃናት አስተምራለች። በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በዳሬ ሰላም የተመሠረተው ኡቦንጎ የተባለ ድርጅት፣ አኪሊ በምትባል የአራት ዓመት ልጃገረድ ሥዕል አማካይነት ትንንሽ ልጆችን ያስተምራል።

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሥዕሉ አይታክትም። አስተማሪ አንዱን ነገር ሃያ ጊዜ ስትደግም ትደክማለች፤ ቪዲዮው ግን ሃያኛውን ጊዜ እንደ መጀመሪያው አድርጎ ያሳያል፤ ሕፃንም የሚማረው በመደጋገም ነው። ሁለተኛ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግረውን የአፍ ውስጥ ክፍል አጉልቶና አቅርቦ ያሳያል። ሦስተኛ፣ ሕፃኑ የሚወደው ቀጭኔ ወይም አሻንጉሊት ጥርሱን ሲያጸዳ ያየ ልጅ፣ እናቱ ብትነግረው እሺ የማይለውን ነገር በገዛ ፈቃዱ ለማድረግ ይነሣል። ከማታ ማታ በእናትና በልጅ መካከል የሚነሣው ጭቅጭቅ እንዲህ በጨዋታ ሲተካ ቤቱ ሰላም ያገኛል።

ነገር ግን ፍላጎት አንድ ነገር ነው፤ ችሎታ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሕፃናት ላይ የተደረጉ ብዙ ምርመራዎች እንዳመለከቱት፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከሥዕል የሚማረው፣ በፊቱ ቆሞ ከሚያሳየው ሰው ከሚማረው ያነሰ ነው። ከዚያ በላይ የሆነውም ልጅ ቢሆን ዘፈኑን በቃሉ ይይዛል እንጂ እጁ አብሮ አይማርም። ለምሳሌ ያህል፣ 30 ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው የጥርስ ማጽዳት ዝግጅት ተመለከቱ እንበል። አስተማሪዋ «ጥርስ በቀን ስንት ጊዜ ይጸዳል?» ብላ ስትጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሁለት ጊዜ!» ይላሉ። ብሩሽ በእጃቸው ሲሰጣቸው ግን አብዛኞቹ የፊት ጥርሳቸውን ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ አሻሽተው ያቆማሉ፤ አንዳንዱም የጥርስ ሳሙናውን ይልሰዋል። መልሱን ያውቃሉ፤ ሥራውን ግን አያውቁም። አስተማሪዋ በመልሱ ተደስታ ትምህርቱን ብትዘጋ፣ በልጆቹ አፍ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም።

የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው። ጥርስን በሚገባ ማጽዳት የጣቶችና የእጅ አንጓ ቅልጥፍና የሚጠይቅ ሥራ ነው። የጥርስ ሐኪሞች ልጅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጥርሱን ብቻውን አጥርቶ ሊያጸዳ እንደማይችል ይመክራሉ። ከዚያ በፊት ልጁ ይጀምራል፤ ትልቅ ሰው ይፈጽምለታል። ስለዚህ ትምህርቱ ለልጁ ብቻ የተዘጋጀ ቢመስልም፣ በእውነቱ ግማሹ ለእናት፣ ለአባት፣ ለሞግዚትና ለአስተማሪ ነው።

በስኮትላንድ «ቻይልድስማይል» በተባለው የመንግሥት ዕቅድ መሠረት፣ በመዋዕለ ሕፃናት የሚውሉ ልጆች በአሳዳጊዎቻቸው ፊት በየቀኑ ጥርሳቸውን ይቦርሻሉ። የዕቅዱ ኃይል በቃል ትምህርት ላይ ብቻ ያረፈ አይደለም፤ ብሩሹ በየቀኑ በልጁ እጅ መግባቱና ትልቅ ሰው መመልከቱ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 የሕፃናትን እንክብካቤና ትምህርት የሚመለከት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጣች ወዲህ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ «ኦ ክፍል» የሚባለው ተስፋፍቷል። ብዙ ልጆች በአንዲት አስተማሪ እጅ ሲጠበቁ ቪዲዮው ታላቅ እርዳታ እንደሚሆን አያጠራጥርም፤ ነገር ግን አስተማሪዋን ሊተካ አይችልም።

እንግዲህ በቤትም ሆነ በመዋዕለ ሕፃናት ትምህርቱ በሚከተለው አኳኋን ቢሰጥ መልካም ነው። በመጀመሪያ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ደቂቃ የማይበልጥ አጭር ዝግጅት ይመረጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች ተቀምጠው ሥዕል የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከአንድ ዓመት በታች ያሉት ደግሞ ከነጭራሹ እንዳያዩ መክሯል። ሁለተኛ፣ ትልቅ ሰው ከልጁ ጎን ተቀምጦ አብሮ ይመልከት፤ በየመካከሉም ሥዕሉን አቁሞ «አሁን የትኛውን ጥርስ አጸዳች? ያንተስ የት አለ?» እያለ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ሥዕሉ ተዘግቶ ወዲያው ወደ ሥራው ይኬድ፤ በትምህርቱና በሥራው መካከል ጨዋታ ከገባ ነገሩ ይረሳል። በመዋዕለ ሕፃናት ልጆቹን አምስት አምስት አድርጎ በየተራ ማሠራት ይቀላል።

ሥራው ሲጀመር ልጁ በትንሽ መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱ ይሞክር። ከዚያም እናቱ ወይም አባቱ ከኋላው ቆመው ራሱን በደረታቸው ላይ ያስደግፉት፤ ከንፈሩንም በጣት ከፈት አድርገው፣ በመጀመሪያ የጥርሶቹን የውጭ ገጽ፣ ቀጥሎ በምላስ በኩል ያለውን የውስጥ ገጽ፣ በመጨረሻም የሚያኝክበትን ገጽ በዝግታ ይጥረጉለት። ብሩሹ ለስላሳና ትንሽ ይሁን። ሥራው ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ልጁ ሰዓት ስለማያውቅ በቪዲዮው የሰማውን ዘፈን መዘመር ጊዜውን ለመለካት ይረዳል። ዘፈኑ ሳያልቅ ሥራው አይቆምም። የጥርስ ሳሙናው መጠን፣ ሦስት ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የሚያህል ይበቃል። አረፋውን እንዲተፋ ማስለመድ እጅግ አስፈላጊ ነው። ከተፋ በኋላ ግን ብዙ ውኃ አይጉመጥመጥ፤ ጥርሱን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ታጥቦ ይሄዳልና። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ብሩሽ ይኑረው፤ ወንድምና እኅት በአንድ ብሩሽ መጠቀም አይገባም።

ብሩሽ መግዛት ያልተቻለበት ቤት ትምህርቱ ለእኛ አይደለም አይበል። አያቶቻችን ጥርሳቸውን ያጸዱት በመፋቂያ ነው፤ ጫፉ ተኝኮ በሚገባ የለሰለሰ መፋቂያ ዛሬም ያገለግላል። ነገር ግን የሕፃን ድድ ስስ ስለ ሆነ መፋቂያውን የሚይዘው ትልቅ ሰው እንዲሆን ያስፈልጋል። የተቻለው ሰው ደግሞ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ቢጨምርበት ጥቅሙ ይበልጣል።

ስለ ፍሎራይድ ከተነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ስፍራዎች፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውኃ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ይገኝበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ሕፃን ጥርሱ በድድ ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ ከዚህ የበለጠውን ሲጠጣ ከኖረ ቋሚ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ይህንንም ቀለም ማንም ብሩሽ አያስለቅቀውም። እንግዲህ ቪዲዮው በመላው አገር አንድ ቃል ቢናገርም፣ የአንዱ አውራጃ ውኃ ከሌላው አውራጃ ውኃ ይለያል። በእንዲህ ያለው ስፍራ ያለ አስተማሪ ወይም ሹም ትምህርቱን ከማሳየቱ በፊት ከጤና ባለሙያ ጋር ይማከር፤ ቡናማ ጥርስ ያለውንም ልጅ «አላጸዳህም» ብሎ በጓደኞቹ ፊት እንዳያሳፍረው ይጠንቀቅ። ልጁ ጥፋት የለበትም።

በመጨረሻም ይህን ዓምድ ለሚያነቡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ይልቁንም አማርኛን በመማር ላይ ላሉት፣ ስለ ቋንቋው ጥቂት ቃል እንጨምራለን። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «የአፍ ንጽሕና አጠባበቅ» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው፤ የአራት ዓመት ሕፃን ግን ይህን አነጋገር አያውቀውም። ለወንድ ልጅ «ጥርስህን አጽዳ፤ አረፋውን ትፋ»፣ ለሴት ልጅ «ጥርስሽን አጽጂ፤ አረፋውን ትፊ»፣ ለብዙዎች «ጥርሳችሁን አጽዱ፤ አረፋውን ትፉ» ማለት ይበቃል። በመፋቂያ ሲሆን መፋቅ፣ በብሩሽ ሲሆን መቦረሽ ይባላል፤ መንጋጋ የሚለው ቃል ለሕፃኑ ቢከብደው «የኋላ ጥርስ» ይባልለት። ሕዝቡ «ጥርሱ ተበላ» ሲል መቦርቦሩን መናገሩ እንደ ሆነ ሠራተኛው ይወቅ። በቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ወይም ሲዳምኛ ለሚናገሩ ልጆች ደግሞ ትምህርቱ በእናታቸው ቋንቋ ቢቀርብ ይመረጣል፤ ሕፃን ያልገባውን ቃል በዜማ ሊደግመው ይችላል፤ ሊሠራበት ግን አይችልም።

ቪዲዮ የሚመርጥ ወይም የሚያዘጋጅ ሹምም እንደዚሁ ጥቂት ነገር ይመርምር። በዝግጅቱ ውስጥ ከአሻንጉሊቱ ጋር የእውነተኛ ልጅ አፍ ይታያልን? ልጁን የሚረዳ አባት ወይም እናት ይገኝበታልን? የማታው ጽዳት ተነግሯልን? አረፋውን መትፋት ተሳይቷልን? ሕፃናትን በአስፈሪ ሥዕል የሚያስደነግጥ ዝግጅት ግን አይመረጥ፤ በፍርሃት የተጀመረ ልማድ ፍርሃቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ይህ ሥራ በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም። ሥዕሉ በልጁ ልብ ውስጥ ፍላጎትን ይዘራል፤ ፍላጎቱን ወደ ልማድ የሚለውጠው ግን በየማታው የማይታክት የወላጅ እጅ ነው። ለአንድ ልጅ በማታ ሁለት ደቂቃ መስጠት ለማንም ቤተ ሰብ የሚከብድ አይደለም። ያ ሁለት ደቂቃ ሳይቋረጥ የተሰጠው ልጅ፣ ስድስተኛ ዓመቱ ላይ የሚወጡትን መንጋጋዎች በንጹሕ አፍ ይቀበላቸዋል፤ እነርሱም ዕድሜውን ሙሉ ያገለግሉታል።